ጉንደ ወይን ላይ የቀሩት

“ሞልቷል! ሳበው!”

ረዳቱ ፋንታ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ደብደብ አደረገና በሩ ላይ ተንጠለጠለ። ወዲያው አንድ ነገር ትዝ እንዳለው አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ፣ “አንቺ ልጅ! አያትሽ ተመልሰው ገብተዋል?” ሲል ጮኸ።

“ገብተዋል” አለች ጸደንያ።

ዞር ብላ አላየችም። ከኋላ ወንበር፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ፌስቡክ ላይ ነበረች። አንዲት የክፍሏ ልጅ የለጠፈችው ፎቶ ሥር ጭቅጭቅ ተነስቶ አንዱ ሲሳደብ ሌላው ሲመልስ፣ ጸደንያም መሐል ልግባ አልግባ እያለች ትጽፋለች፣ ታጠፋለች። የረዳቱ ጥያቄ ጆሮዋ ገባ፤ መልሱም ከአፏ ወጣ። በመካከሉ ግን እሷ አልነበረችም።

አውቶቡሱ ከጉንደ ወይን ወጥቶ የሞጣን መንገድ ያዘ።

አያቷ አቶ የኔሰው ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደባቸው አራተኛ ዓመታቸው ነው። በቢቸና ስንቱን ግድግዳ በድንጋይ ያቆሙ ግንበኛ ነበሩ፤ አሁን ጥላና ብርሃን ከመለየት ያለፈ አያዩም። ሐኪሞች ለዘመቻ ሞጣ መጥተው የዓይን ሞራ በነጻ እየገፈፉ ነው የሚለው ወሬ ቤታቸው የደረሰው ዘግይቶ ነበር። ዘመቻው ዛሬ ያበቃል፤ ምዝገባውም እስከ ቀትር ብቻ ነው ተብሏል። እናቷ ማናለሽ በቢቸና ገበያ ቅመም ቸርቻሪ ናት። የገበያ ቀን ሆኖባት መሄድ ስላልቻለች፣ በማለዳ መናኸሪያ ድረስ ሸኝታ የአባቷን ክንድ ለልጇ አስያዘችና፣ “ዓይናቸው አንቺ ነሽ፤ አደራ” ብላ ተመለሰች።

ለሽማግሌው ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ሰጧቸው። ከጎናቸውም ቦታ ነበር። ጸደንያ ግን ስልኳን የሚያይባት ሰው እንዳይኖር፣ እሳቸውም ጨዋታ እንዳያበዙባት፣ “እኔ ከኋላ ይሻለኛል አባባ” ብላ ሄደች። ጉንደ ወይን ላይ ተሳፋሪው ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ፣ “ጸዱ፣ ወረድ ብዬ ልመለስ ነው” ሲሉ ሰምታቸዋለች። “እሺ አባባ” ብላቸዋለች። ማን ደግፎ እንዳወረዳቸው አላየችም።

መንገዱ ወደ አንድ ሸለቆ ሲወርድ ኔትወርኩ ጠፋ። ስልኩን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው፤ ከፍ አደረገችው፤ እምቢ አለ። ያኔ ነው ወደ ፊት የተመለከተችው። ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ሕፃን ያቀፈች ሴት ተቀምጣለች።

ጸደንያ የሰው እግር እየረገጠች ሄደች። “እትዬ፣ እዚህ የነበሩት ሽማግሌስ?”

“እኔ እንጃ፤ ባዶ ሲሆን ጊዜ የወረዱ መስሎኝ ተቀመጥሁ” አለች ሴትዮዋ።

የአያቷ ጋቢ እንደተጣጠፈ ሴትዮዋ እግር ሥር ወድቋል።

“አቁሙልኝ! አባባ የሉም! አባባ ቀርተዋል!”

አውቶቡሱ ተንገራግጮ ቆመ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። ፋንታ ከበሩ ዘሎ ገባና ወንበሩንም እሷንም አፈራርቆ አየ።

“ገብተዋል አላልሽኝም?”

ጸደንያ ወደ በሩ ተጋፋች።

“እኒያ ዓይነ ሥውሩ ናቸው እኮ!” አለ አንድ ተሳፋሪ። “ያ ከተማ ደግሞ ከጀርባው ገደል ነው፤ እንግዲህ አፋፉን...” አጠገቡ ያለው ሰው ጎሸም አድርጎ ዝም አሰኘው። እሷ ግን ሰምታዋለች።

ሹፌሩ መንገዱ ጠባብ ነው፣ በዚህ ሁሉ ሰው ወደ ኋላ መዞር አልችልም አለ። ፋንታ ጋቢውን አንስቶ ሰጣትና አብሯት ወረደ። ከሞጣ በኩል ባዶ የለስላሳ ሳጥን የጫነ አይሱዙ ሲመጣ መሐል መንገድ ገብቶ እጁን ዘርግቶ አስቆመው።

“ጌታው፣ ይችን ልጅ ጉንደ ወይን አድርስልን። አያቷ ወርደው ቀርተው ነው። ዓይናቸው አያይም።” ከዚያ ወደ ጸደንያ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ጥፋቱ የእኔም ነው። ጠይቄሽ ከማለፍ ገብቼ ማየት ነበረብኝ።”

የአይሱዙው ሹፌር ስጦታው የሚባል ጎልማሳ ሰው ነበር። ብዙ አልጠየቀም፤ በሩን ከፍቶ አስገባትና መኪናውን አስነሳ። ጥቂት እንደሄዱ፣ “ምን ለብሰዋል? የሚመጣ የሚሄደውን ሹፌር እንድንጠይቅ” አላት።

ጸደንያ አፏን ከፈተች። ምን ለብሰው ነበር? ጠዋት ያለበሰቻቸው እናቷ ናት። እሷ መናኸሪያ ላይ ክንዳቸውን ይዛ አሳፍራቸዋለች።

“ኮት መሰለኝ” አለች።

“ምን ዓይነት ቀለም?”

ቀለሙን አታውቀውም። ስጦታውም ደግሞ አልጠየቃት፤ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

መኪናው ድንጋዩ ላይ እየዘለለ ሄደ። ጸደንያ ጋቢውን ደረቷ ላይ አቅፋ አያቷን አሰበች፤ እጃቸውን ዘርግተው፣ ዱላቸውን እየጠነቆሉ፣ ወደማያውቁት አቅጣጫ ሲራመዱ ታዩዋት። ከዚያ...

“አገኘሽ እንዴ? ሰው ደወለልሽ?” አላት ስጦታው።

“እ?”

“ስልኩን ስታዪ አይቼ ነው።”

ጸደንያ እጇን አየች። ስልኩ እጇ ላይ ነው። ኔትወርኩ ተመልሷል። አውራ ጣቷ የሰዎችን ፎቶ ወደ ላይ እየገፋ ነበር፤ ሠርግ፣ የልደት ኬክ፣ አንድ ዘፋኝ፣ ያ ጭቅጭቅ። መቼ ከኪሷ እንዳወጣችው፣ መቼ እንደከፈተችው አታውቅም። አያቷ ገደል አፋፍ ላይ ሳሉ እጇ ብቻውን ሄዶ ነበር። የሰው እጅ ይመስል ፈራችው። ስልኩን ጭኗ ሥር ከታ ተቀመጠችበትና ማልቀስ ጀመረች።

እንዲህ የሆነችው በአንድ ቀን አይደለም። ስልኩን ወንድሟ ከአዲስ አበባ የላከላት ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ስላለፈች ነበር። መጀመሪያ እሑድ እሑድ፣ ከዚያ ማታ ማታ፣ ከዚያ ደብተሯ ሥር ደብቃ ክፍል ውስጥ። አሁን አሥረኛ ክፍል ናት፤ ብሔራዊ ፈተናው ደርሷል፤ አንድ ገጽ ሳታቋርጥ ማንበብ ግን አቅቷታል። ሁለት መስመር ታነብና ዓይኗ ይሸሻል፤ ተመልሳ ትጀምራለች፤ ደግሞ ይሸሻል። የክፍሏ ኃላፊ መምህር እናቷን አስጠርተው፣ “ልጅሽ ክፍል ትገባለች፤ ግን ክፍል ውስጥ የለችም” ብለዋታል። ማናለሽ ያን ቀን ስልኩን ነጥቃ ቅመሟ መሐል ቀበረችው፤ ጸደንያ እራት አልበላም ብላ ስታለቅስ አደረች፤ ተመለሰላት።

ለአያቷ ዳዊት የምታነብላቸውም እሷ ናት። ሥራ ትተው ቤት ከዋሉ ወዲህ ማታ ማታ አንድ መዝሙር ታነብላቸዋለች። እያነበበች ስልኳ ሲጮኽ ሐሳቧ ይሄዳል፤ ስትመለስ መስመር ትዘላለች። እሳቸው በቃላቸው ያውቁታል። ግን አያርሟትም። የዘለለችውን በከንፈራቸው ብቻ ይሉና ይጠብቋታል።

“አይዞሽ” አለ ስጦታው። “እኔም ቤት እንዳንቺው ያለ ልጅ አለ። ‘ና ብላ’ ብዬ እጠራለሁ፣ እጠራለሁ፣ አይሰማም። መጀመሪያ ንቀት መስሎኝ እመታው ነበር። በኋላ ሳስበው ክፋት አይደለም። ወንዝ ሲሞላ ማዶ ያለ ሰው ብትጠሪው ይሰማሻል? አይሰማም፤ ውኃው ይጮኻል። እንደዚያ ነው።”

“ተሻገረ?” አለች እንባዋን በጋቢው ጫፍ እየጠረገች።

“ገና ነው” አለ ስጦታው። “እየተሻገርን ነው።”

ጉንደ ወይን ሲደርሱ ከሩቅ መጀመሪያ ያየችው አንድ ቀይ ጥላ ነው። አውቶቡሱ ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ፣ አስፋልት ከሌለው መንገድ ዳር፣ አያቷ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አገጫቸውን አስደግፈውበታል። ሽርጥ ያሸረጠች አንዲት ወፍራም ሴት ከኋላቸው ቆማ ጥላውን ይዛላቸዋለች።

ጸደንያ መኪናው በቅጡ ሳይቆም ወረደች። ሮጣ ጉልበታቸውን አቀፈችው። ሽማግሌው እጃቸውን ሰድደው ፀጉሯን፣ ከዚያ ፊቷን ዳሰሱ።

“መጣሽ?” አሉ። “ደነገጥሽ አይደል፣ የኔ ልጅ? ላብሽን እዪው።”

“አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ረዳቱ ጠይቆኝ ነበር። ሳላይ ገብተዋል አልሁት።”

አቶ የኔሰው እጃቸውን ከፊቷ አላነሱም። “ተመልሰሻል” አሉ። “ጥሎ የሄደ ሁሉ አይመለስም።”

“እኔንስ መከራዬን አበሉኝ!” አለች ጥላ የያዘችው ሴት። ወይንእሸት ትባላለች፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሻይ ቤት የእሷ ነው። “ቤት ይግቡ፣ ፀሐይ ነው አልኋቸው፤ እምቢ። ሌላ መኪና ላይ ላሳፍርዎት አልኋቸው፤ እምቢ። ‘ልጄ ስትመለስ ከዚህ ካጣችኝ ትደነግጣለች፤ ከዚህ አልነቃነቅም’ አሉ። እንግዲህ ምን ላድርግ? በርጩማውን አመጣሁላቸው። እንግዳዬን ሁሉ ‘ራስህ ቅዳ’ እያልሁ ይኸው እዚህ ቆሜያለሁ።”

ጸደንያ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ልትስም ስትል ወይንእሸት ትከሻዋን ይዛ አቃናቻት። “ተይ ተይ! ይልቅ ቀትር ሳይደርስ ሞጣ ግቡ። ለዓይናቸው አይደል የምትሄዱት? ነግረውኛል።”

ስጦታው ከመኪናው መስኮት ብቅ ብሎ ሽማግሌውን አየ፤ እጁን ከፍ አደረገና ጥሩንባውን አንድ ጊዜ ነፍቶ ሄደ። የመኪና ልክፈልህ የምትልበትን ጊዜ እንኳ አልሰጣትም።

ወይንእሸት ከደብረ ወርቅ በኩል የመጣ ሚኒባስ ፊት ጥላዋን እንደ ዘበኛ ዘርግታ ቆመች። ሹፌሩ “ሙሉ ነው!” አለ። “ሙሉ ከሆነ አንዱን አውርድ!” አለችው፤ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። ሁለት ወጣቶች ተነስተው በሩ ሥር ቁጢጥ አሉ። ወይንእሸት አምባሻ በላስቲክ ጠቅልላ በመስኮት ለጸደንያ አቀበለቻት።

“የኔ እመቤት” አሉ አቶ የኔሰው ወደ ድምፅዋ ዞረው፣ “በጠራራ ፀሐይ እንደቆምሽልኝ፣ እሱ በክፉ ቀን ይቁምልሽ።”

“አሜን አባቴ። ሲመለሱ ዓይንዎን አብርተው ይዩኝ፤ ያን ጊዜ እንዲህ ወፍራም መሆኔን ያውቃሉ” አለች ወይንእሸት።

በዚህ ጊዜ ጸደንያ ከአያቷ ጎን ተቀመጠች። ኮታቸው ግራጫ ነው። ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ ከሌሎቹ ይለያል፤ ጥቁር ነው፤ እናቷ በቀይ ክር ተክላዋለች። እጅጌው ጫፉ ተበልቷል። የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ጥፍር ለሁለት የተሰነጠቀ ነው፤ የመዶሻ ምት መሆን አለበት። አሥራ ስድስት ዓመት በዚያ እጅ ስትታቀፍ ኖራ ይህን ልብ ብላው አታውቅም።

“አባባ፣ ይሄ ጥፍርዎ ምን ሆኖ ነው?”

“እሱ? እሱማ ረጅም ጨዋታ አለው” አሉና ፊታቸው በራ። እስከ ሞጣ ድረስ አወሩላት። ሁለት ጊዜ ሐሳቧ ሸሸባት፤ ሁለት ጊዜም “ከዚያስ?” እያለች ተመለሰች።

ሆስፒታሉ ሲደርሱ ቀትር አልፏል። ግቢው ውስጥ አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ የተሸፈነ ሰዎች ዛፍ ሥር ተደርድረዋል። መዝጋቢዋ ነርስ፣ ሲስተር ሰብለ ወንጌል፣ ወንበሯን እያነሳች ነበር።

“አበቃ የኔ እናት። እስከ ቀትር ተብሎ ተነግሯል እኮ” አለቻት።

“ጥፋቱ የእኔ ነው። እሳቸው በሰዓቱ ይደርሱ ነበር። እኔ ነኝ መንገድ ላይ ጥያቸው የሄድሁት” አለች ጸደንያ።

ነርሷ ግራ ተጋብታ አየቻት። አቶ የኔሰው ግን፣ “ተያት ልጄን። ደክሞሻል፤ ከጠዋት ጀምሮ ቆመሽ ነው የዋልሽው። ድምፅሽ ይናገራል። ለዘመዶቻችን ያደረጋችሁትን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ” አሉና ዱላቸውን አስተካክለው ለመሄድ ዞሩ። በእውነት ነበር ያመሰገኑት። ቅር ያለው ሰው አመሰጋገን አልነበረም።

ሰብለ ወንጌል ወንበሯን መልሳ አስቀመጠች። “ይቆዩ አባቴ። እስኪ ያችን ዓይንዎን ልያት።” በባትሪ አየቻቸው፤ ግፊታቸውን ለካች። “ጠዋት ደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ የተመለሱ አሉ፤ የእነሱ ቦታ ሊኖር ይችላል። ሐኪሙን ልጠይቅ፤ ቃል ግን አልገባም” ብላ ገባች። ስትመለስ ቃል ሳይሆን የቀዶ ሕክምና ቆብ ይዛ መጣች።

አመሻሹ ላይ የቀኝ ዓይናቸው ታሽጎ ወጡ። ታካሚዎች የሚያድሩበት አዳራሽ ውስጥ ፍራሽ ተሰጣቸው። ጸደንያ ለእናቷ ደወለችና ስልኩን ለአያቷ ሰጠቻቸው። የማናለሽ ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ይሰማ ነበር።

“ፀሐዩስ አልጎዳዎትም አባዬ?”

“ምን ፀሐይ ያገኘኛል! ጉንደ ወይን ላይ እንኳ ልጅሽ ጥላ ነበረች” አሉ አቶ የኔሰው።

“ትባረክልኝ!” አለች ማናለሽ።

የጸደንያ ፊት ጋለ። እናቷ የሰማችው ከፀሐይ የጋረደቻቸውን ልጅ ነው። እሷ የሰማችው መንገድ ላይ ጥላቸው የሄደችውን ነው። አያቷ በልጅነታቸው፣ ግንበኝነት ሳይዙ፣ ጥቂት ጊዜ ቅኔ ቤት ቆይተዋል። ስልኩን መለሱላትና ከፋሻው በታች ፈገግ አሉ።

“ሰሙን ለእናትሽ፣ ወርቁን ለአንቺ” አሏት። “በይ አሁን አምባሻውን አምጪ።”

በማግስቱ ጠዋት ሰብለ ወንጌል ፋሻ እየፈታች ከፍራሽ ወደ ፍራሽ መጣች። እልልታው ከአዳራሹ ጫፍ ተነስቶ እየቀረበ ነበር። የአቶ የኔሰውን ፋሻ ፈታች፤ ዓይናቸውን በጥጥ ጠረገች። ሽማግሌው ብርሃኑ ከብዷቸው ጨፈኑ። ደግመው ገለጡ። ከፊታቸው ጸደንያ ተንበርክካለች።

አዩዋት። ከግንባሯ እስከ አገጯ፣ ድንጋይ ሊያቆም የመጣ ግንበኛ ግድግዳ እንደሚያይ አዩዋት። ጸደንያ አፍራ ዓይኗን ልትሰብር ፈለገች። ሌላ ነገር ልታይ፣ እጇን አንድ ቦታ ልታስገባ ፈለገች። ግን የአራት ዓመት ረሃባቸው መሆኑ ገባትና ፊቷን አቅንታ ቆየችላቸው። በሕይወቷ ማንም እንዲያ አይቷት አያውቅም።

“ሕፃን ነበርሽ” አሉ በመጨረሻ። “ጉንጭሽ ክብ ነበር። መቼ እንዲህ ሆንሽ?” እንባቸው መጣ። “ዓይኑን እንዳይነኩት” አለች ሰብለ ወንጌል፤ ራሷም ወደ ጎን ዞር ብላ አፍንጫዋን ጠረገች። “እግዚአብሔር ይመስገን” አሉ አቶ የኔሰው፤ ደጋግመው፣ ለነርሷ፣ ለጣሪያው፣ ለመስኮቱ፣ ገና ላላዩት ለውጭው ሁሉ።

የቢቸናው አውቶቡስ ሊነሳ ነው የሚል ወሬ ሲገባ አዳራሹ ተተራመሰ። ጸደንያ ጋቢውን አጣጥፋ የአያቷን ጫማ ስታስር፣ ሰብለ ወንጌል ከጎናቸው ያለው ፍራሽ ላይ ካሉት አሮጊት ጋር ስታወራ ሰማች። እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ይባላሉ። ዓይናቸው ትንሽ ስላበጠ እስከ ነገ እንደታሸገ ይቆያል። ሌላኛው ዓይናቸው ከድሮም የጠፋ ነው። ያመጣቸው ልጃቸው ለእርሻ ሥራ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ የሚመጣው ነገ ነው።

“ግድ የለም፣ እኔ ብቻዬን አልቸገርም” ይላሉ እማሆይ። “እናንተም ሥራ አለባችሁ። ውኃ ብቻ እጄ በሚደርስበት አኑሩልኝ።”

ነርሷ ሰው ፍለጋ አዳራሹን ቃኘች። ሁሉም እየተሰናዳ ነው። ጸደንያ የጫማውን ክር እንደያዘች ቆመች። ነገ ትምህርት ቤት የሙከራ ፈተና አለ። እናቷ ደጅ ደጁን እያየች ትጠብቃለች። አያቷም ከትናንት ጀምሮ ማናለሽን ለማየት ጓጉተዋል።

“አባባ” አለች ዝግ ብላ፣ “እማዬን ነገ ቢያዩዋት ቅር ይልዎታል?”

አቶ የኔሰው በአዲሱ ዓይናቸው ወደ እሷ፣ ከዚያ ወደ አሮጊቷ አዩ። እግራቸውን ጎትተው ከጫማው አወጡና ፍራሹ ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ።

ጸደንያ ለእናቷ ደውላ ነገ እንደሚመጡ ነገረቻት፤ ምክንያቱንም ነገረቻት። ከዚያ የእጅ ማስታጠቢያ ውኃ ቀድታ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ፍራሽ አጠገብ ተንበረከከች። አሮጊቷ የሰው ትንፋሽ ሰምተው እጃቸውን ዘረጉ።

“ማነሽ? የሚያስቸኩልሽ የለም፣ ልጄ?”

“የለም እማሆይ፤ ነገ ነው የምንሄደው” አለችና እጃቸውን እየያዘች ማስታጠብ ጀመረች።